ሴባስቶፖል የትኛው ነው?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

አዲስ አበባ፣ ቸርችል ጎዳና፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመውን መድፍ የማያውቅ የለም። ግን እሱ ሴባስቶፖል አይደለም፤ የሴባስቶፖል ቅጂ ነው። ዋናው ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ነው ያለው። ይህን ስናገር «ታዲያ ተታለናል በለና!» የሚሉኝ አሉ። ቅጂ ሁሉ ማታለል ነው እንዴ?

በመኪና ላስረዳ። ካሮል ሼልቢ የሚባል አሜሪካዊ የመኪና ተወዳዳሪ እ.ኤ.አ. በ1962 ከእንግሊዙ ኤሲ ኩባንያ ቀላል መኪና ወስዶ የፎርድ ቪ-8 ሞተር አስገጠመበት። «ኮብራ» የሚባለው ዝነኛ የውድድር መኪና እንዲህ ተወለደ። በዚያ ዘመን የተሠሩት ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው፤ ዛሬ ግን ቅጂዎቹ ከዋናዎቹ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ቅርጹ ያው፣ ድምፁ ያው፣ ቀለሙም ያው።

ጠቡ የመጣው በሊብሬው ነው። ትናንት የተሠራ መኪና ሊብሬው ላይ «የ1965 ሞዴል» ተብሎ ሲጻፍ ከአዲስ መኪና የጭስ ምርመራ ያመልጣል። ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ደግሞ የመጨረሻው ገዢ ዋናውን የገዛ ሊመስለው ይችላል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሕግ አነስተኛ አምራቾች በዓመት እስከ 325 ቅጂ እንዲሠሩ ፈቀዱ። ግን መኪናው የየትኛውን ዓመት ሞዴል እንደሚመስል የሚገልጽ ቋሚ ምልክት እንዲለጠፍበት አዘዙ። ምን ለማለት ነው? መምሰል አልተከለከለም፤ የሚያስጠይቀው ያልሆኑትን ነኝ ማለት ነው።

የጃጓር ነገር ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1957 የጃጓር ፋብሪካ ሲቃጠል 9 ኤክስኬኤስኤስ መኪኖች አብረው ነደዱ። ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ ኩባንያው ራሱ በነሱ ምትክ 9 አዲስ ሠራ። ኩባንያው ያው፣ ንድፉም ያው። ታዲያ ዋና ናቸው ወይስ ቅጂ? ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም።

እኔ መልሱን የማገኘው እዚሁ አገራችን፣ ጋፋት ነው። ከይፋግ ሩቅ አይደለም፤ ደብረ ታቦር አጠገብ ነው። አጼ ቴዎድሮስ እነ ቴዎፍሎስ ቫልድማየርን የመሳሰሉ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንንና የአገሩን ሠራተኞች ሰብስበው መድፉን ያሠሩት እዚያ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ የባለሙያዎቹ እጅ የአውሮፓ፣ ጉልበቱ የኢትዮጵያ፣ ስሙ ደግሞ በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩሲያ ከተማ የተወሰደ። እንደ ኮብራው ከየአገሩ የተገጣጠመ ነው። ሆኖም «የኛ አይደለም» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ለምን? ዋናን ዋና የሚያደርገው መልኩ ወይም የመጣበት አገር ስላልሆነ ነው። ያሳለፈው ኑሮ ነው። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲወጡ፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ያ መድፍ አብሮ ወጣ። ስድስት ወር ገደማ መንገድ እየተቆፈረ፣ ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ በሰው ጉልበት መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ በገዛ እጃቸው ሲሞቱም እዚያው አምባው ላይ ነበር። የአዲስ አበባው መድፍ በሽሎን አልተሻገረም። ቢያምርም፣ ቢመስልም፣ ያ ታሪክ አልደረሰበትም።

ቅጂውን ግን አልንቀውም፤ ቴዎድሮስን በየቀኑ ለአላፊ አግዳሚው ያስታውሳል። ችግሩ ቅጂው የዋናውን ስም ጠቅልሎ ሲወስድ ነው። ሕዝቡ «ሴባስቶፖልማ አዲስ አበባ ነው፣ አይቼዋለሁ» ካለ፣ መቅደላ ድረስ ወጥቶ ዋናውን ማን ያየዋል? ዝናብና ፀሐይ ቢፈራረቁበት ማን ይጠይቅለታል? የጋፋትንስ ስም ማን ያነሳል? የመኪና ሰብሳቢ በተሳሳተ ሊብሬ ቢሸወድ ገንዘቡን ነው የሚያጣው። እኛ ግን መቅደላንና ጋፋትን ነው የምናጣው።

መኪና ሊብሬ አለው፤ ሻንሲ ቁጥር አለው። ለመድፉ ሊብሬ የምንሆነው እኛው ነን። ስለዚህ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ቴዎድሮስ አደባባይ ስታልፉ ፎቶውን አንሷቸው፣ ችግር የለም። ግን ሦስት ነገር ንገሯቸው፦ ይሄ ቅጂ ነው፤ ዋናው ጋፋት ተሠራ፤ አሁን ያለው መቅደላ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።