የሁለት ሰዓት ወሰን፤ የግማሽ ቀን መዋዕለ ሕፃናት ፈቃድና ቁጥጥር በእንግሊዝ አገር

ሕፃንን ለጥቂት ሰዓታት ለሌላ ሰው አምኖ መስጠት በየትም አገር ለረጅም ዘመን በጎረቤትና በዘመድ መካከል በመተማመን ሲፈጸም የኖረ ጉዳይ ነው። በዚህ መተማመን መካከል መንግሥት መቼና ለምን ገባ? ገብቶስ የተቆጣጠረው ቤቱን ነው ወይስ ሕፃኑን? ለዚህ ጥያቄ የእንግሊዝ አገር ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እናቶች ወደ ፋብሪካ ስለ ተሰማሩ በመንግሥት ወጪ በርካታ መዋዕለ ሕፃናት ተቋቁመው ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ብዙዎቹ ተዘጉ፤ የእናቶች ሥራ ግን አልቆመም። በ1948 የወጣው ሕግ ልጆች ቀኑን ወይም የቀኑን ሰፊ ክፍል የሚውሉባቸው ቤቶች በየአካባቢው የጤና ባለሥልጣን ዘንድ እንዲመዘገቡ አዘዘ። ባለሥልጣኑ የልጆቹን ብዛት ሊወስን፣ ስለ ተላላፊ በሽታ ጥንቃቄ፣ ስለ ምግብና ስለ ሠራተኞች ብቃትም ግዴታ ሊጥል ይችል ነበር። የሕጉ ዓይን በዋናው በሥጋዊ ደኅንነት ላይ ያተኮረ ነበር ማለት ነው።

በ1960 የትምህርት ሚኒስቴር የመንግሥት የሕፃናት ትምህርት እንዳይስፋፋ በመመሪያ አገደ። ቤል ቱታዬቭ የተባሉ የለንደን እናት በ1961 ለጋዜጣ በጻፉት ደብዳቤ ወላጆች በራሳቸው እንዲደራጁ ጠየቁ፤ በ1962ም የጨዋታ ቡድኖች ማኅበር ተመሠረተ። እናቶች በቤተ ክርስቲያንና በመንደር አዳራሾች ልጆችን ለጥቂት የጠዋት ሰዓታት እየሰበሰቡ ያጫውቱ ጀመር። ታዲያ የጠዋት ጥቂት ሰዓት «የቀኑ ሰፊ ክፍል» ነውን? ቃሉ አሻሚ ስለ ነበረ፣ የ1968 ማሻሻያ ወሰኑን በቀን ሁለት ሰዓት ላይ አቆመው። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው የጨዋታ ቡድን ከሕጉ በታች መዋሉ አላጠያየቀም።

ይህ ወሰን ጥቅምም ሸክምም ነበረው። ለወላጅ ዋስትና ሰጠ። ነገር ግን ክፍል ሠርቶ ያልሰጠው መንግሥት፣ በተውሶ አዳራሽ የሚሠሩትን እናቶች መዝጋቢና ተቆጣጣሪ ሆነ። ጨዋታው ለልጁ አእምሮ ምን እንደሚጠቅም የማስረዳቱና እናቶችን የማሠልጠኑ ሥራ በአብዛኛው የወደቀው በማኅበሩ ትከሻ ላይ ነበር።

በ1971 ኃላፊነቱ ከጤና ወደ ማኅበራዊ አገልግሎት ክፍሎች ተዛወረ። በ1991 በሥራ ላይ የዋለው የ1989 የሕፃናት ሕግ የሁለት ሰዓቱን ወሰን ጠብቆ ጥበቃውን ከስምንት ዓመት በታች ላሉት ሁሉ አሰፋ፤ አብሮት የወጣው መመሪያም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ላሉ ስምንት ልጆች አንድ አዋቂ እንዲኖር መከረ። በመስከረም 2001 በእንግሊዝ 150 የአካባቢ መስተዳድሮች የያዙት ቁጥጥር ኦፍስቴድ ለተባለው የትምህርት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ተላለፈ። በ2008 የጥበቃና የትምህርት መመዘኛዎች በአንድ ማዕቀፍ ተጠቃለሉ።

እንግዲህ ተቆጣጣሪው ከጤና ሹምነት ተነሥቶ ወደ ትምህርት መርማሪነት ለመድረስ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ፈጀበት። ወለሉን መለካትና ልጆችን መቁጠር ቀላል ነው፤ አስፈላጊም ነው። አንዲት አሳዳጊ ከሕፃን ጋር የምትነጋገርበትን አኳኋን መመዘን ግን ሙያ ይጠይቃል። ፈቃድ ሰጪ የሆነ ሁሉ ይህን ሙያ አስቀድሞ ካላፈራ፣ መዝገቡ የተሟላ ሆኖ ሳለ ሕፃኑ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል።