በሻንግሃይ የተጀመረው ምዕራፍ፤ የሄሞፊሊያ ቢ የጂን ሕክምና ከመቼ ይቆጠራል?

ሄሞፊሊያ ቢ፣ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ በሚገኘው የፋክተር 9 ጂን ጉድለት የተነሣ ደም በአግባቡ እንዳይረጋ የሚያደርግ፣ አብዛኛውን ጊዜም በእናት በኩል ለወንዶች ልጆች የሚወርድ ደዌ መሆኑ ሊቃውንት ሁሉ የሚስማሙበት ስለሆነ በዚህ ላይ አንዘገይም፤ የክርክራችን ጉዳይ የጂን ሕክምናው ጥንተ ነገር ነው።

የዘርፉን ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች፣ ኬይና ባልደረቦቹ በ2000 እ.ኤ.አ. የፋክተር 9ን ጂን በኤኤቪ ቫይረስ አማካይነት ወደ ሕሙማን ጡንቻ ማስገባታቸውን ከገለጹበት ጽሑፍ ይነሡና፣ በ2006 የማኖን፣ በ2011 የናትዋኒን ጥናት አልፈው፣ በ2022 በአሜሪካ እስከ ተፈቀደው፣ ሄምጀኒክስ እስከተባለው የጂን መድኃኒት ይደርሳሉ። ይህ ሐረገ ትውልድ በኵሩን የዘነጋ ነው።

በ1991 በሻንግሃይ የፉዳን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም ሹዌ ጂንግሉንና ሉ ዳሩ፣ ደዌው ካለባቸው ሁለት ወንድማማቾች ቆዳ ሕዋሳት ወስደው፣ በሬትሮቫይረስ አማካይነት ደኅናውን የፋክተር 9 ጂን አስገብተውባቸው፣ በቤተ ሙከራ አብዝተው፣ ከየባለቤቶቻቸው ቆዳ ሥር መልሰው አኖሩአቸው፤ በ1993 ባወጡት ዘገባና በ1996 በተከተለው ጽሑፍም በወንድማማቾቹ ደም ውስጥ የፋክተር 9 መጠን መጨመሩንና የመድማት ጠባያቸው በከፊል መሻሻሉን መሰከሩ። ከፊል መሆኑ ዋጋውን አይቀንሰውም፤ ፋክተሩ ከመደበኛው 1 በመቶ በታች የወረደበት ሰው ደዌው እጅግ ሲበረታበት፣ ጥቂት በመቶ ሲጨመርለት መድማቱ ይቀልለታልና፤ በ2011 ዓለም ያደነቀው የናትዋኒ የለንደን ውጤትም ከ2 እስከ 11 በመቶ ነበር።

ሕሙማኑ ሁለት ብቻ ናቸው የሚል ሰው፣ የ2000ው ጽሑፍ በሦስት፣ የ2011ዱ በስድስት ሰዎች ላይ መቆሙን ያስታውስ። ዘዴው ኋላ ተትቷል የሚለውም ክርክር የመሣሪያውን ታሪክ ከፈውሱ ታሪክ ጋር ያደባልቃል፤ የ2006ቱ ሙከራ ውጤት ከሳምንታት በኋላ መጥፋቱ ማንንም ከመዝገቡ አላስፋቀምና። በእርግጥ ከሁለት ሰዎች ተነሥቶ ብዙ መደምደም አይገባም፤ ቀዳሚነትን ለመመስከር ግን ሁለቱ ይበቃሉ።

ነገሩ የክብር ብቻ አይደለም። ለኤኤቪ ፀረ እንግዳ አካላት ያላቸው ሕሙማን ከብዙ ሙከራዎች ሲገለሉ፣ የሄምጀኒክስም ዋጋ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ሆኖ ሲወጣ እያየን፣ በሕመምተኛው በራሱ ሕዋስ የተጀመረውን ፍኖት ከታሪክ መፋቅ፣ ሌላ መንገድ መኖሩን ከመጪው ተመራማሪ መሸሸግ ነው። ስለዚህ የ1993ቱ ዘገባ ከግርጌ ማስታወሻ ወጥቶ የዚህ ሕክምና ታሪክ የመጀመሪያ አንቀጽ ሊሆን ይገባዋል።