የጥብቅና ታሪክና የእኛ ጉዳይ

ከመካከላችን አንዷ እህታችን ባሏ ከሞተ በኋላ በውርስ መሬት ተከሰሰች። አንድ ሰው «ጠበቃ ነኝ» ብሎ ገንዘብ ተቀበላት፤ በቀጠሮዋ ቀን ግን አልመጣም። ኋላ ሲጣራ የጥብቅና ፈቃድ አልነበረውም። ስለዚህ በዚህ እትም ጠበቃ ማን እንደሆነ ከታሪኩ ጀምረን ልንጽፍ ወደድን።

በላስታ፣ እንደ ሌላው የአማራ አገር፣ ርስት ለወንድም ለሴትም ልጅ ይደርስ ነበር። ክርክሩ ግን የአንደበት ነበር። በ«በልሃ ልበልሃ» ሥርዓት ተከራካሪው ቆሞ፣ ውርርድ እያስያዘ ይሟገታል። መንገደኛው ሳይቀር «በሕግ አምላክ» ተብሎ ይቆምና ይዳኛል። ሙግት የሚማሩትም በችሎቱ ዳር ቆመው በመስማት ነበር። አንደበት ያልቀናው ነገረ ፈጅ ያቆማል። እናቶቻችን አብዛኛውን ጊዜ በባል፣ በወንድም ወይም በወኪል በኩል ይናገሩ ነበር። ርስቱ የእነሱ ነበር፤ ቃሉ ግን የሌላ።

በ1934 ዓ.ም. የፍርድ ቤቶች አዋጅ ወጣ፤ በ1940ዎቹም ጠበቆች እንዲመዘገቡ ደንብ ተደነገገ። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍል ተከፈተ። አዋጅ ቁጥር 199/1992 የፌዴራል ጠበቆችን ፈቃድ በደረጃ ከፈለ፤ ያለ ክፍያ ለኅብረተሰቡ መብት ለሚቆሙም ልዩ ፈቃድ ፈጠረ። የዚያው ዓመት የሥነ ምግባር ደንብ ደግሞ ጠበቃው በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዘዘ። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆቹ የራሳቸው ማኅበር እንዲኖራቸው አደረገ።

ሴቶችም በዚህ መንገድ ገብተዋል። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነጻ የሕግ ምክር ሰጥቷል። ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በዚያ ወንበር የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።

እህቶቻችን፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ፈቃዱን አሳየኝ በሉ፤ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። የይዞታ ደብተራችሁን ዋናውን ለማንም አትስጡ። ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ከገጠር ቀበሌ ወጥቶ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ፈልጎ ማግኘት ለአንዲት መበለት ቀላል አይደለም። የመጓጓዣዋን ብትሸፍኑላት በቀጠሮዋ ቀን ብቻዋን አትቆምም።