የካይሮ መንገድ

ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ በአየር መስመር 2,470 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለጄት አውሮፕላን 4 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። አባቶቻችን ግን ይህን መንገድ በሰዓት አልቆጠሩትም፤ በወር፣ ሲብስም በዓመት ነበር የሚቆጥሩት።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከካይሮ የተነሣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1768 ነው። በዓባይ ላይ በጀልባ ሽቅብ ተጉዞ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ቀይ ባሕርን ወደ ጅዳ ተሻግሮ ምጽዋ የገባው በሴፕቴምበር 1769 ነበር። እዚያም የአገሩ ገዥ ናይብ አላሳልፍ ብሎ ሁለት ወር ያህል አቆየው። ጎንደር ሲደርስ ፌብሩዋሪ 1770 ሆኗል፤ 14 ወር መሆኑ ነው። ብሩስ ፍርስራሽ እየጎበኘ፣ ባሕሩን እየለካ መዘግየቱ እውነት ነው። ቢሆንም ባሕሩ፣ በረሃውና የኬላ ጠባቂው ለማንም መንገደኛ የሚቀሩ አልነበሩም።

ይህ ርቀት ለኢትዮጵያ የነጋዴና የአገር ጎብኚ ጣጣ ብቻ አልነበረም። ከፍሬምናጦስ ጀምሮ 1,600 ዓመት ያህል ጳጳሳችን የሚመጣው ከግብፅ ነው። ጳጳስ ከሌለ ቄስና ዲያቆን የሚሾም፣ ታቦት የሚባርክ አይኖርም። ጳጳሱ ሲሞት መልእክተኛ ወርቅና ገጸ በረከት ይዞ ይነሣል፤ የግብፅን ገዥ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የፓትርያርኩን ውሳኔ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1841 ደጃዝማች ውቤ ልከው አቡነ ሰላማን ሲያስመጡ፣ አገሪቱ ከአሥር ዓመት በላይ ያለ ጳጳስ ቆይታ ነበር። ለዚህ ሁሉ መዘግየት ምክንያቱ የመንገዱ ርዝመት ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የመሳፍንቱ ሽኩቻም አለበት። ነገር ግን መንገዱ ሽኩቻውን አከበደው።

መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። መድረሻው ሌላ ከተማ ሳይሆን ካይሮ ነበር፤ በአሥመራ በኩል። አውሮፕላኑ ከአሜሪካ ጦር የተረፈ ዳግላስ ሲ-47 ሲሆን፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር እምብዛም የማያልፍ ነው። ብሩስን ከአንድ ዓመት በላይ የፈጀበት መንገድ የአንድ ቀን ጉዞ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የአውሮፕላን ሥራ አይደለም፤ የብዙ ዘመን ክርክርና ድርድር ፍሬ ነው። በ1940 ዓ.ም. ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ተስማሙ። በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ካይሮ ላይ ፓትርያርክ ተብለው ተሾሙ።

ነገሩን ልብ ላለው ያስገርማል። መንገዱ እጅግ በረዘመበት ዘመን ጳጳስ ለማምጣት የግድ እንሄድበት ነበር። መንገዱ የአንድ ቀን በሆነ በ13 ዓመቱ፣ ለዚያ ጉዳይ መሄድ ቀረ።