የበሬው አካልና የሐኪሞች ትምህርት

በቅርጫ ዙሪያ ቆሞ ጨጓራን ከሽንፍላ፥ ጉበትን ከኩላሊት የማይለይ ከመካከላችን ማን አለ? ይህ ዕውቀት ግን ወደ ትምህርት ቤት የገባው እጅግ ዘግይቶ ነው።

በ2ኛው መቶ ዓመት በሮማ የነበረው ሐኪም ጋሌኖስ፥ የሰው ሬሳ መክፈት ክልክል ስለ ነበር፥ ዝንጀሮ፥ ዐሣማና በሬ እየከፈተ ይመረምር ነበር። ከበሬው አንጎል ሥር እንደ መረብ የተጠላለፈ የደም ሥር ቢያገኝ፥ በሰውም አካል አለ ብሎ ጻፈ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1543 ቬሳሊዩስ የሰውን ሬሳ መርምሮ ሐሰትነቱን እስኪገልጽ ድረስ አብዛኞቹ ሐኪሞች ይህንኑ ሲያምኑ ኖሩ። ልብ በሉ፤ በሬው የተከፈተው ሰው ይታወቅበት ዘንድ እንጂ እርሱ ይታከም ዘንድ አልነበረም።

በ1598 የቦሎኛው ሹም ካርሎ ሩኢኒ ስለ ፈረስ አካል የጻፈው መጽሐፍ ታተመ፤ ፈረስ የመኳንንት ነውና መቅደሙ አያስደንቅም። ላሚቱን ወደ ትምህርት ቤት ያስገባት ግን መቅሠፍት ነው። ደስታ የተባለው በሽታ (ስሙ ራሱ ምፀት ነው) የአውሮፓን ከብት ሲፈጅ፥ የፈረስ ግልቢያ መምህር የነበረው ክሎድ ቡርዥላ ከፈረንሳይ መንግሥት ፈቃድ አግኝቶ በ1762 በሊዮን ከተማ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ከፈተ።

ይኸው በሽታ በ1880 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቶ የእርሻውን በሬ ጨረሰ፤ በዚያ ክፉ ቀን ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት መቆፈራቸው ተጽፏል። ደስታ ከምድር መጥፋቱ በይፋ የተነገረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ነው፤ የሊዮኑ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ከ249 ዓመት በኋላ።