ኅብስትና ኹብዝ

ስሙኝማ! ከወግዲ ደጋ ጫፍ ቆሞ ወደ ምዕራብ ያየ ሰው ከእግሩ ሥር የአባይን በረሃ፣ ከማዶ ጎጃምን ያያል። በአጎቴ ልጅነት አባይን መሻገር ማለት አገር ጥሎ መሄድ ነበር።

አጎቴ በ14 ዓመቱ ለእናቱ ሳይናገር ኮበለለ። ቅኔ ሽቶ ነው። ትከሻው ላይ አኩፋዳ፣ ጀርባው ላይ ደበሎ፣ በእጁ ለውሻ መከላከያ ዱላ። ጥቅምት አልፎ ውሃው ጎደል ሲል፣ የተነፋ ስልቻ አቅፎ፣ ዋናተኛ እየገፋው ተሻገረ። መርጡለ ማርያም አደረ፤ ደብረ ወርቅ ከረመ፤ ዲማ ጊዮርጊስ ገባ። ከእሱ በፊት ሐዲስ ዓለማየሁም በደብረ ወርቅና በዲማ ቅኔ ተምረዋል፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው ልቦለዳቸው ፍቅር እስከ መቃብር የዲማን ስም ላገር ሁሉ አሰማ።

መጀመሪያ የተናገረው ግዕዝ የልመና ነው። ማታ ማታ ሰው ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ባለቤቷ ኩርማን እንጀራ አኩፋዳው ውስጥ ትጥላለች፤ የሽሮው፣ የጎመኑ፣ የትናንቱ አንድ ላይ ይደባለቃል። ጎጆው ገብቶ ያችን ይቀምሳል፤ ከዚያ ግስ ነው። ቀተለ፣ ገደለ። ቀደሰ፣ አመሰገነ። አርእስቱ 8 ናቸው፤ ከእነሱ ሥር ያለው ግን አያልቅም። አልገባ ሲለው የሚያጽናናው የኛው የወሎው የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ታሪክ ነበር። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብተው ትምህርቱ እንቢ ያላቸው ልጅ፣ በኋላ መጽሐፈ ምሥጢርን ጻፉ።

ሁለት ቤት ያላትን አጭር ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናን ቆጥሮ ለየኔታ የነገረ ዕለት ግማሿን ሰረዙበት። ደስታው ያልተሰረዘችው ግማሽ ናት። ረጅሙ ቅኔ፣ መወድስ እስኪደርስ ስንት ክረምት ወጣ! ከዚያም በሽሎን ተሻግሮ ዋድላ ወረደ፤ የዋድላው ስልት ከጎጃሙ ይለያልና።

እናንተ፣ ያን ጊዜ የጎረቤታችን ልጅም ኮብልሏል፤ እሱ ግን ወደ ምሥራቅ። ደረሳ፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪ ነው። ኪታቡን በቆዳ ከረጢት አንጠልጥሎ መጀመሪያ ገታ፣ ከዚያ ዳና ሄዶ ቀራ። አንዱ ሸህ በፊቅህ (በሕጉ)፣ ሌላው በነሕው (በሰዋስው) ይታወቃል፤ ደረሳውም የሚፈልገውን ዕውቀት ተከትሎ ይዞራል። ምሳውን የሚሰጠው የየመንደሩ ሰው ነው። ለዚህ ነገር ልቤ ሁልጊዜ ይሞቃል፦ ራሷ ግዕዝም ዐረብኛም የማትሰማ ገበሬ፣ ከልጆቿ አፍ ቀንሳ ሁለቱንም ቋንቋ ስታስተምር ኖራለች።

ከስንት ዓመት በኋላ ሁለቱ በአንድ ሰርግ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኔ ውሃ አስታጣቢ ነበርኩ። ድፎው ተቆርሶ መጣ። አጎቴ አንዷን ቁራሽ አነሣና፦

«ይህ በእናንተ ምን ይባላል?»

«ኹብዝ።»

አጎቴ ቁራሹን ይዞ ዝም አለ። «በኛ ኅብስት ነው» አለ ቆይቶ። «ግሱ ኀበዘ፣ ጋገረ።»

«በኛም ኸበዘ፣ ጋገረ ነው!»

አጎቴ ቁራሹን ለሁለት ገመሰና ግማሹን ሰጠው። ያን ሰርግ ሳስታውስ ሙሽሮቹ ትዝ አይሉኝም። ሁለቱ እስኪመሽ ድረስ ቃል ሲለዋወጡ ነበር፦ ማይ፣ ማእ። ቤት፣ በይት። ስም፣ ኢስም።