ለምጣዱ ሲባል፦ ቤት ሲቋቋም የትኛው የማጀት ዕቃ ይቀድማል?

ማኅበራችን ቤታቸውን እንደገና ለሚያቋቁሙ እናቶች የማጀት ዕቃ ለመግዛት በተነሣ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮ ይነሣል። አንዷ እህት «ድስት ይቅደም» ትላለች። ሌላዋ «ጀሪካን ሳይኖር ድስቱ ምን ይፈይዳል?» ትላለች። ሦስተኛዋ ሰሐንና ብርጭቆ ትቆጥራለች። ሁሉም እውነት አላቸው፤ ገንዘቡ ግን ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት የእናቶቻችን ማጀት እንዴት ይሠራ እንደ ነበር፣ ምኑ እንደ ተለወጠና ምኑ እንዳልተለወጠ ማየት ይጠቅመናል ብዬ ይህን ጽፌአለሁ።

አንድን ዕቃ የግድ ነው ለማለት ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ይህ ዕቃ ከሌለ ጥሬው እህል ምግብ ሳይሆን ይቀራል ወይ? ከጎረቤት ተውሶ መሥራት አይቻልም ወይ? ቢሰበር ወይም ቢጠፋ እዚሁ ገበያችን መተካት ይከብዳል ወይ? ለሦስቱም «አዎ» የሚባልለት ዕቃ ጥቂት ነው።

የማጀት ሥራ ከወፍጮ ይጀምራል። በደሃና ደጋው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ያበቅላል፤ ቆላው ማሽላና ጤፍ ያበቅላል። ከጤፍ በቀር አብዛኛው ገና ሳይፈጭ ብዙ ሥራ ይፈልጋል፤ ገብሱ ይሸከሸካል፣ ይነፋል፣ ለበሶ ሲሆን ደግሞ ይቆላል። ከዚያ በኋላ ወፍጮ ላይ ይወጣል። ከታች የሚተኛው ሰፊ ድንጋይ ወፍጮ፣ በሁለት እጅ ተይዞ የሚገፋው ደግሞ መጅ ነው። በመጀመሪያ ይሸረከታል፣ ቀጥሎ ይልማል። ድንጋዩ ሲለሰልስ መወቀር አለበት፤ ካልተወቀረ እህሉ ይንሸራተታል እንጂ አይፈጭም።

ይህ ሥራ እጅግ ጥንታዊ ነው። በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በሚባለው ከአክሱም ዘመን በፊት በነበረ የገበሬዎች መንደር ተመራማሪዎች ባደረጉት ቁፋሮ የመፍጫ ድንጋዮች ተገኝተዋል። ነገሥታትና መሳፍንት ሲፈራረቁ ወፍጮና መጅ ሳይለወጡ ከዘመን ዘመን ተሻግረዋል። ሸክሙ ግን ሁልጊዜ በሴት ጉልበትና ወገብ ላይ ነበር። ዶሮ ሲጮኽ ተነሥቶ ተንበርክኮ መፍጨት ምን እንደሆነ ከመካከላችን ብዙዎች እናውቀዋለን፤ ያላወቁትም ከእናቶቻቸው ሰምተዋል።

የናፍጣ ወፍጮ ሲመጣ ከማጀት ታሪካችን ትልቁ ለውጥ መጣ። የሴቲቱ ጉልበት ተረፈ፤ በምትኩ ሁለት አዲስ ነገር አስፈለገ፦ ወደ ወፍጮ ቤቱ የሚያደርስ መንገድና ለማስፈጫ የሚከፈል ገንዘብ። ሁለቱ ባሉበት ጊዜ የድንጋዩ ወፍጮ ተረስቶ ከጓሮ ይወድቃል። ነዳጅ ሲጠፋ ወይም መንገድ ሲዘጋ ግን ተመልሶ ይታሰባል። የርዳታ ስንዴ ሲታደልም እህሉ ጥሬ ነው፤ ለማስፈጫ ገንዘብ የሌላት እናት ከተሰጣት ላይ ከፍላ ትሸጣለች፣ ያም ባይሆን ንፍሮና ቆሎ ታደርገዋለች። ስለዚህ ወፍጮን ከዕቃ ዝርዝር ብናወጣው እንኳ የማስፈጫውን ገንዘብ ከሒሳባችን ማውጣት አንችልም።

ሁለተኛው ምጣድ ነው። አባቶቻችን «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ሲሉ ተረቱን ያገኙት ከማጀት ነው። አይጧ ምጣዱ ላይ ወጥታለች፤ እሷን እመታለሁ ያለ ምጣዱን ይሰብራል። አይጥ ቤት ውስጥ ምን ያህል እህል እንደምታበላሽ እያወቁ ከምጣዱ መሰበር የእርሷን ማምለጥ መምረጣቸው ምጣዱ የነበረውን ዋጋ ይነግረናል።

ዋጋውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን መርጣ፣ ከአሸዋ ጋር አቡክታ፣ ገጹን በድንጋይ አለስልሳ፣ አድርቃ በእሳት ትተኩሰዋለች። የገዛችው ሴት ደግሞ ወዲያው አትጋግርበትም፤ በጎመን ዘር ወይም በጥጥ ፍሬ እያሸች ታሟሸዋለች። ያልተሟሸ ምጣድ ሊጥ ይይዛል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ቆይቶ የለመደ ምጣድ እንደ ለመደ በሬ ነው፤ ባለቤቱ ጠባዩን ታውቀዋለች። በጉዞ ላይ ቢሰበር በአንድ ቀን የሚተካ አይደለም። ውሰትም ብዙ አያዛልቅም፤ ጎረቤት ለአንድ ቀን ምጣድ ታውስ ይሆናል፣ በየሦስት ቀኑ ግን ማን ያውሳል?

ከምጣዱ ጋር ምድጃው ይታሰብ። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ስለ ወጥ ጣዕም እውነት ነው፤ ስለ ማገዶ ግን አይሠራም። እንጀራ መጋገር ከቤት ውስጥ ሥራ ሁሉ ብዙ ማገዶ የሚበላው ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ እሳቱን በየአቅጣጫው ይበትናል፣ ጭሱም ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። በ1980ዎቹ በአገራችን የተሠራው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ እሳቱን ከምጣዱ ሥር ዘግቶ በመያዝ ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ዛፍ በተመናመነበት በዋግ ተራራ ይህ ቀላል ቁጠባ አይደለም።

ሦስተኛውና አራተኛው የውሃ ዕቃና ድስት ናቸው። እዚህ ላይ ለውጡ በጎ ነበር። እንስራ ውሃን ያቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ባዶውን እንኳ ከባድ ነው፣ ቁልቁለት ላይ አንዴ ካዳለጠ ውሃውም ዕቃውም ጠፋ። ጀሪካን ቀሊል ነው፣ ቢወድቅም አይሰበርም፣ በአህያም ይጫናል። የሸክላ ድስት ለሽሮና ለክክ ወጥ ጣዕሙ ሌላ ነው፤ የብረት ድስት ግን መንገድ ይችላል። ሁለቱም ቢቀየሩ የቤቱ ምግብ አልተቀየረም።

የቀረው ሁሉ ይዋሳል። ሙቀጫና ዘነዘና፣ ወንፊት፣ ሰፌድ፣ ጀበናም ጭምር ለብዙ ቤት አንድ ሊበቃ ይችላል። እርሾም ከጎረቤት ይለመናል። ሌማትና መሶብ የቤት ክብር ናቸው፤ እነርሱን እጅ ያላት ሴት በጊዜዋ ትሰፋቸዋለች።

ታሪካችን ይህን ምርጫ ደጋግሞ ፈትኖታል። በ1888 ዓ.ም. የአድዋ ዘመቻ ከዋግ ዋግሹም ጓንጉል ሠራዊታቸውን ይዘው ሲዘምቱ፣ እንደ ዘመኑ ሠራዊት ሁሉ ከዘማቹ ጋር ሴቶች ነበሩ፤ ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ። ለዘማች የሚሰነቀው በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ነው። ሦስቱም የሚያስገርም ዕውቀት አለባቸው፤ የማጀቱን ሥራ አስቀድመው ጨርሰው ስለ ወጡ በመንገድ ላይ ምጣድ አይፈልጉም። በሶ ትንሽ ውሃና ጨው ብቻ ይበቃዋል።

በ1977 ዓ.ም. ግን የሚሰነቅ እህል ራሱ አልነበረም። በዚያ ዓመት ጥቅምት ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ከኮረም ያስተላለፉት የቢቢሲ ዘገባ ዓለምን ሲያስደነግጥ፣ ኮረም ከደረሰው ሕዝብ መካከል ከዋግ በእግሩ የወጣው ብዙ ነበር። ሰው ልጁን አዝሎ ወፍጮ ሊሸከም አይችልም። ከዚያ የተመለሰ ቤተሰብ ዘርና በሬ እንደሚያስፈልገው ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ማጀቱም ከባዶ እንደሚጀምር ግን ብዙ አልተወራም። በሰሜኑ ጦርነትም ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅለው ሰቆጣ የተጠለሉ እናቶች ይኸው ጥያቄ ደርሶባቸዋል።

ለጋሾቻችን ይህን እንዲያስቡልን የምንጠይቀው ለዚህ ነው። ስፌር የሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ ርዳታ መመዘኛ በ2018 እ.ኤ.አ. እትሙ ለአንድ ቤተሰብ እጀታና ክዳን ያላቸው ሁለት ድስቶች፣ አንድ ሳፋ፣ አንድ ቢላዋና ሁለት ማውጫ ማንኪያ ያስቀምጣል፤ የውሃ መያዣዎችም አሉበት። መልካም ዝርዝር ነው። ሩዝ ወይም ገንፎ ለሚበላ አገር ሥራውን ይጨርሳል። እንጀራ በሚበላ ቤት ግን ምጣድ ከሌለ ዱቄቱና ሁለቱ ድስት ተያይተው ይቀራሉ። መመዘኛው ራሱ ዕቃው ከሕዝቡ ልማድ ጋር እንዲስማማ ይላል። እንግዲህ ልማዱን መንገር የእኛ ድርሻ ነው።

ሌላም የቀረ ዕዳ አለብን። ምጣዱን የሚሠሩት ሴቶች ለዘመናት የተናቁ ነበሩ፤ በእጃቸው እየበላን በስማቸው ተሳድበናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ከሁሉም ቦታ አልጠፋም። ምጣዱን ከሩቅ ከተማ ጭነን ከምናመጣ ከአካባቢያችን ሸክላ ሠሪዎች ብንገዛ፣ ዋጋውንም ሳንከራከር ብንከፍል፣ አንዱ ብር ሁለት ቤት ያቆማል። መንገድ ላይ የሚሰበረውም ይቀንሳል።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት የገባው ቃል ኪዳን የተሰየመው በሰቆጣ ስም ነው። ቃል ኪዳኑ ስለ ጤና፣ ስለ ውሃና ስለ እርሻ ብዙ ይዟል። የልጁ ገንፎ ግን የሚሠራው በእናቱ ማጀት ነው፤ ገብሱ ካልተፈጨ፣ ውሃው ካልተቀዳ፣ እሳቱ ካልነደደ ልጁ አይበላም።

ስለዚህ ለሚመጣው ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ቤት በቅድሚያ አንድ ምጣድ ከነአክንባሎው፣ አንድ ክዳን ያለው ድስት፣ ሁለት ጀሪካን፣ አንድ ቢላዋና ለመጀመሪያዎቹ ወራት የማስፈጫ ገንዘብ ይሰጥ። ሙቀጫና ወንፊት በጎጥ በጎጥ ለጋራ ይገዛ። ምድጃው ገንዘብ በተገኘ ጊዜ ይከተል። ሰሐንና ብርጭቆ ይቆይ፤ እንጀራው ከተገኘ በአንድ ገበታ እንቆርሳለን።